አልሰለፍ ያለው ቁጥር

እኛ ትልቅ ቁጥር እንወዳለን፤ መቁጠር ግን አንወድም። ስንመርቅ «ሺህ ሁን» እንላለን፤ ስናመሰግን «እልፍ ጊዜ» እንላለን፤ ለድመቷ እንኳ «ሺህ ቢታለብ ያው በገሌ» የሚል ቃል ሰጥተናታል። ያን የታለበውን ሺህ ማን ቆጠረው? ማንም። በዚህ በእኛ በአዊ ምድር አንዱን ባለከብት ከገበያ መንገድ ላይ አስቁማችሁ ከብቶቹ ስንት እንደሆኑ ብትጠይቁት «እግዜር ይመስገን፣ አሉ» ይላችኋል። ስለ ልጆቹ ብትጠይቁት «ይደጉ» ይላችኋል። መልስ የከለከላችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ይህ ጨዋ መልስ ነው። ሞልቶ የተቆጠረ ነገር ዓይን ያርፍበታልና ብልህ ሰው ከቁጥሩ ላይ ቆንጠር አድርጎ ለእግዜር ይተዋል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። በእንዲህ ዓይነት አገር ሒሳብ ማስተማር ምን እንደሚመስል የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

ቁጥሮች ግን ጠባይ አላቸው። ይህን ስል እንደምቀልድ የሚቆጥር አንባቢ አይጠፋም፤ ይሁን እንጂ ጎልማሳነቴን በሙሉ ጠመኔ ይዤ አብሬያቸው ስለኖርሁ ምስክርነቴ ቢሰማ ደስ ይለኛል። አሥራ ሁለት፣ ለምሳሌ፣ ቸር ነው። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስት ቢካፈሉት ማንንም ሳያስቀይም ይዳረሳል፤ ለድግስ የተፈጠረ ቁጥር ነው። አሥራ ሦስት ግን በሩን ዘግቶ የሚበላ ሰው ነው፤ ከራሱና ከአንድ በቀር ማንንም አያስገባም። እንዲህ ያለውን በክፍል ውስጥ «ብቸኛ ቁጥር» እንለዋለን። ትንሽ ሲሆን ብቸኝነቱ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ትልቅ ሲሆን ግን፣ እንደ ትልቅ ሰው ሁሉ፣ ጠባዩን ይደብቃል። የሺዎች ቁጥር ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ ቀርባችሁ በዚህም በዚያም ልትካፈሉት ስትሞክሩ አንዳንዱ ይራገጣል። እኔን የረገጠኝ አምስት ሺህ ሠላሳ ዘጠኝ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከዳንግላ ጀምሮ እስከ አዘና ድረስ ያለው ፈረሰኛ ፈረሱን በግላስ አስጊጦ ወደ እንጅባራ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም «ኮሶበር» ወደሚሏት ከተማ፣ ይወርዳል። ፈረሰኛው እስከ ዛሬ በመስመር ተሰልፎ አያውቅም። ወንድም ከወንድሙ፣ አማች ከአማቹ፣ የተጣላ ከተጣላው ራቅ ብሎ ይመጣ ነበር፤ እንደ ደመና መጥቶ እንደ ደመና ይሄድ ነበር። ዘንድሮ ግን የፈረስ በዓሉ አስተባባሪ ይበልጣል የሚባል ወጣት ሆነ። ይበልጣል ተማሪዬ ነበር። በሒሳብ ደከም ያለ፣ በንግግር ግን ከክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ ነው፤ ወደ ኃላፊነት የመጣበትን መንገድ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። በስልኩ ላይ የሌላ አገር ሰልፍ በድሮን ከሰማይ ተነሥቶ አይቷል፤ ሰዎቹ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ተስተካክለው ቆመዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ምድር ላይ ሆኖ ማየት ተወ። ፈረሰኞቻችንም ከላይ ሲታዩ ማዕዘኑ የማይዛነፍ፣ ረድፉ የማይጎድል፣ ሙሉ አራት ማዕዘን እንዲሆኑ ወሰነ።

የፈረሰኞቹን ብዛት ያመጡለት አለቃቸው አያ ሽባባው ናቸው። እሳቸውን ላስተዋውቃችሁ። የጥርባ ሰው ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ በእግራቸው ሲሄዱ የተበደሩትን ጫማ ያደረጉ ይመስል የሚያነክሱ፣ ፈረስ ላይ ሲወጡ ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ የሚሆኑ ሰው። አለቅነቱን ከአባታቸው ነው የወረሱት። «ከፈረስ የወረድሁ ዕለት ገንዙኝ» ማለት ይወዳሉ፤ ለጨዋታ እንዳልሆነም የሚያውቃቸው ሁሉ ያውቃል። ትሕትና የሚባለውን ነገር በአካባቢያቸው አይቼ አላውቅም። ይበልጣል ስልክ ደውሎ ቁጥሩ እርግጥ መሆኑን ሲጠይቃቸው፣ «ከፈረሴ ላይ ሆኜ የቆጠርሁት ነው» ብለው ስልኩን ዘጉበት። ይህችን ቃል በልባችሁ ያዙልኝ። እኔ አልያዝኋትም፤ የደረሰብኝም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይበልጣል አምስት ሺህ ሠላሳ ዘጠኙን በአሥር በአሥር ሊያሰልፍ ሞከረ፤ የመጨረሻው ረድፍ ዘጠኝ ሰው ሆነ። በስምንት ሞከረ፤ የመጨረሻው ረድፍ ሰባት ሆነ። በሰባት ሲሞክር ስድስት። በዚህ ጊዜ ወደ እኔ ደወለ።

«መምህር፣ የስልኬ ካልኩሌተር ሳይበላሽ አልቀረም» አለኝ።

የበዓሉ ኮሚቴ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ቁጥሩን በወረቀት ላይ ሳየው፣ ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሰው በገበያ መካከል የድሮ ጓደኛውን ሲያገኝ እንደሚሰማው ያለ ደስታ ነው። አስረዳኋቸው፤ ሲያስረዱ ደግሞ ደስታን መደበቅ አይቻልም። ይህ ቁጥር ለሁለት ቢካፈል አንድ ይተርፋል፤ ለሦስት ሁለት፣ ለአራት ሦስት፣ እንዲህ እያለ ለአሥር ዘጠኝ። ማለትም ከሁለት እስከ አሥር ባለው በየትኛውም ብታሰልፉት የመጨረሻው ረድፍ ላይ አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ አንድ ብቻ፣ ይጎድላል። ከአሥር በላይ ያሉትንም ሞከርሁላቸው። እስከ ሰባ ድረስ መሄድ ይበቃል፤ ሰባ አንድ በሰባ አንድ ሲባዛ አምስት ሺህ አርባ አንድ ስለሚሆን ከቁጥራችን ያልፋልና። አንድም አካፋይ አልተገኘለትም። ብቸኛ ነው አልኋቸው፤ በአንድ ረዥም መስመር ወይም አንዱ ካንዱ ኋላ ካልሆነ በቀር በምንም ዓይነት እኩል ረድፍ ሊሰለፍ አይችልም።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሽምግልና ቢላክበት ይሰማ እንደሆነ ጠየቁ። ከሕዝብ ግንኙነት የመጣው ወጣት ደግሞ «የማይከፋፈል ሕዝብ!» ብሎ በደስታ ተነሣ፤ ለባነር የሚሆን ቃል አግኝቶ ነበር። ሌላው ይህ ቁጥር ሆን ተብሎ የተመረጠ እንዳይሆን ጠረጠረ። ሒሳብ ባስተማርሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ብቸኛ ቁጥር ይህን ያህል ትኩረት ሲያገኝ አይቼ አላውቅም።

መፍትሔውን ያመጣው ይበልጣል ነው። አንድ ሰው ይቀነስ አለ። እውነቱን ለመናገር አሳቡ ስሕተት አልነበረበትም፤ አምስት ሺህ ሠላሳ ስምንት ለሃያ ሁለት ረድፍ ይካፈላል፣ በየረድፉም ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ፈረስ ይቆማል። ማን ይቀነስ? ከአንዱ ቀበሌ ሰው ቢቀንሱ ቀበሌው በሙሉ ተቀይሞ ይቀራል። ስለዚህ የሚቀነሰው የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ሰው መሆን አለበት። ዓይኖች ሁሉ ወደ አንድ ስም ሄዱ። አያ ሽባባው አርጅተዋል፤ ቢወድቁስ? ደግሞስ በድንኳኑ ውስጥ፣ ከክቡር እንግዳው ጎን፣ ባለመደገፊያ ወንበር ተዘጋጅቶላቸው፣ የታሸገ ውሃ ቀርቦላቸው ቢቀመጡ ክብር አይደለም? በአገራችን ሰውን ከፈረስ ማውረድ ሲፈለግ ወንበር ይሰጠዋል። ሁሉም «ይገባቸዋል» አሉ።

እኔ የታየኝ ወንበሩ አልነበረም። «ገንዙኝ» ያሉት ቃላቸው ነው የታየኝ። አንድ ሽማግሌ፣ ቁጥር ለማሳመር ተብሎ፣ አባታቸው ካቆሟቸው ቦታ ሊነቀሉ ነው፤ የሚነቀሉትም በእኔው ማካፈል ነው። ስለዚህ ከመቀነስ መጨመር እንደሚሻል ተከራከርሁ። ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ፈረስ ጎን ለጎን ቢቆም የረድፉ ሁለት ጫፎች ከሜዳው ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ውስጥ እንደሚገቡ አሳየኋቸው፤ ድሮኑ ዛፍ ነው የሚያነሣው። አንድ ብትጨምሩ ግን፣ አልኋቸው፣ አምስት ሺህ አርባ ታገኛላችሁ፤ እሱ ደግሞ የቁጥሮች ሁሉ ደግ ነው። ከአንድ እስከ ሰባት ያሉትን ተራ በተራ ብታባዙ የሚመጣው እሱ ነው፤ ከአንድ እስከ አሥር ባሉት ሁሉ ይካፈላል፤ ስልሳ አካፋይ አለው። ሰባ ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባ ሁለት ፈረስ፤ ከሰማይ ሲታይ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ። ብቸኛውና ቸሩ የሚለያዩት በአንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተናገርሁት። ኮሚቴው ተነካ፤ አጨበጨበም።

ታዲያ ያ አንድ ሰው ከየት ይምጣ? ለአንዱ ቀበሌ አንድ ቦታ ቢጨመር ሌላው ሁሉ ይነሣል። የማንም ቀበሌ ያልሆነ፣ ቢመጣም የማይቀናበት፣ ቢወድቅም የማያስለቅስ ሰው ያስፈልጋል። ይበልጣል ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ያልሠራውን የቤት ሥራ ለጓደኛው ሲያሸክም የሚስቀው ሳቅ ነው።

እኔ ዳንግላ ከተማ ውስጥ፣ ከብስክሌት ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ። ይህንንም ለኮሚቴው አስመዘገብሁ። ማንም አልሰማኝም።

አያ ሽባባው ጉዳዩን ሲሰሙ ሁለተኛ ፈረሳቸውን፣ ጉራቹን፣ ሰጡኝ፤ ራሳቸው የሚቀመጡት ዳማው ላይ ነው። ዘንገና ሐይቅ ዳር ወስደው አሠለጠኑኝ፤ ሥልጠና ከተባለ። ለፈረሱ በአገውኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ይናገራሉ። በአገውኛ የሚሉት ረዘም ያለና የተቆላመጠ ነው፤ በአማርኛ የሚሉት አጭር ነው።

«ልጓሙን እንደ ጠመኔ አትጨብጠው፤ አይሰበርም» ይሉኛል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «መሬቱን ተወው፤ መሬቱን ጉራቹ እያየልህ ነው። አንተ ፊትህን እይ፣ ፊደል የቆጠርህ ሰው አይደለህም እንዴ?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ፈረሶቹ ውሃ ሲጠጡ ነገሩን አነሣሁባቸው። ዳማውና ጉራቹ አፋቸውን ገጥመው ይጠጡ ነበር፤ ከውርንጭላነታቸው ጀምሮ ተለያይተው እንደማያውቁ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንደማይቀር ነግረውኛል። እኔም ወዳጅነታቸውን አደነቅሁ፤ ማድነቅ እንጂ መጠርጠር አልመጣልኝም።

«አያ፣ ሊያወርዱዎት ነበር እኮ» አልኋቸው።

«ሰምቻለሁ።»

«አላዘኑም?»

«ከምን ላይ ሊያወርዱኝ?» አሉና ሳቁ።

ኩራት መሰለኝ። እሳቸው ሲስቁ ኩራት የማይመስል ነገር ስለሌለ በራሴ አልፈርድም። የሰልፉ ቦታ ሲደለደል ደግሞ ራሳቸው ጣልቃ ገብተው፣ መምህሩን አቧራ እንዳያንቀው ከፊተኛው ረድፍ መካከል አቁሙት ብለው አዘዙ። አመሰገንኋቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አመሰገንኋቸው።

በዓሉ ደረሰ። ሜዳው በኖራ ተሰምሯል። ይበልጣል ድምፅ ማጉያ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ድሮኑ እንደ ትልቅ ተርብ ከላይ ጥዝ ይላል። ፈረሰኞቹ መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ። አማች ከአማቹ ተለያይቶ፣ የተጣላ ከተጣላው ጎን ተመድቧልና። እንደምንም ግን እየተጠራሩ፣ እየተሳሳቁ፣ በየኖራው ምልክት ላይ ቆሙ። ሰባ ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባ ሁለት። ዞር ብዬ ሳይ አንድም ባዶ ምልክት የለም። አምስት ሺህ አርባ፣ ቸሩ ቁጥር፣ በሥጋና በአጥንት፣ በጋማና በጭራ፣ ከኋላዬ ቆሞ ይተነፍሳል። በሕይወቴ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ነገር እንዲህ ሲያንኮራፋ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አያ ሽባባው ግን የት አሉ? በቀኝ አየሁ፣ በግራ አየሁ። ረድፉ ውስጥ የሉም። ቦታው ሁሉ ሞልቷል፣ እሳቸው ግን የሉም። እንዲህ ሊሆን አይችልም፤ ከአምስት ሺህ አርባው አንዱ እሳቸው ናቸውና እሳቸው ከጎደሉ አንድ ምልክት ባዶ መሆን ነበረበት። ይህን በማሰላበት ቅጽበት ከድንኳኑ ጀርባ፣ ዳማው ላይ ቀጥ ብለው፣ ብቻቸውን፣ ማንንም ሳያዩ፣ በሰልፉ ፊት ለፊት ወጥተው አለፉ። ሕዝቡ እልል አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ጊዜ ለጉራቹም ገባው።

ጉራቹ ዳማውን ሲያይ አንዴ አሽካካና ከረድፉ ወጣ። «ቁም» አልሁት፤ አማርኛ አያውቅም። ልጓሙን እንደ ጠመኔ ጨበጥሁት፤ እውነትም አይሰበርም። ኮርቻው ወደ ላይ ሲል እኔ ወደ ታች፣ ኮርቻው ወደ ታች ሲል እኔ ወደ ላይ እያልሁ፣ ጋማውን በሁለት እጄ አንቄ፣ አምስት ሺህ ሠላሳ ዘጠኝ ፈረሰኛ እያየኝ፣ ከአለቃው ጎን ደረስሁ። ጉራቹ አንገቱን ዳማው አንገት ላይ አሻሸና በእርጋታ እኩል መራመድ ጀመረ። አያ ሽባባው ዘወር ብለው አላዩኝም።

«መጣህ?» አሉኝ።

«መጣሁ።»

«እንግዲያማ ቀና በል፤ ሰው እያየ ነው።»

ቀና አልሁ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ሜዳውን ዞረን እስክንጨርስ ድረስ፣ ሰው በፍርሃት ጊዜ ጸሎት እንደሚያደርግ እኔ ሒሳብ አደረግሁ። ከኋላችን አምስት ሺህ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ከፊት ሁለት፤ ድምሩ አምስት ሺህ አርባ አንድ። ሰባ አንድ በሰባ አንድ! ዘንድሮ የመጣው ፈረሰኛ እኔን ጨምሮ ሙሉ ካሬ ነበር፤ ቁመቱ ከወርዱ እኩል፣ እንከን የማይወጣለት። ግን ማን ያውቃል? ከእኔ በቀር ማንም፤ እኔም ጋማ አንቄ ይዤ ነበር።

ከፈረስ እንደወረድሁ መሬት ላይ ተቀምጬ ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ለመሆኑ ራስዎን አልቆጠሩም?»

ያላዩትን ነገር የተጠየቁ ይመስል አተኩረው አዩኝ። «ቆጣሪ ራሱን ይቆጥራል እንዴ? አባቴም አልቆጠረ፣ አያቴም አልቆጠረ። አለቃ ከፊት ነው ያለው፤ ዓይኑ ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው። ደግሞስ ሁሉንም ሞልተህ ቆጥረህ ለማን ልትሰጠው?»

እንግዲህ አስቡት። ከቁጥሩ ውስጥ ያልነበሩ ሰው ከቁጥሩ እንዳይወጡ ነው ስሟገት የከረምሁት። ይበልጣል በወንበር ቢያስቀምጣቸው ኖሮ እሳቸው ከፈረስ ይወርዱ ነበር እንጂ ቁጥሩ ያው አምስት ሺህ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ያው ብቸኛ፣ ያው አልሰለፍ ባይ ሆኖ ይቀር ነበር። ቁጥሩማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነግሮኛል። በሁለትም፣ በሰባትም፣ በአሥርም ባሰልፈው «አንድ ሰው ጎድሏል» እያለ ደጋግሞ ነግሮኛል። ያን ያህል እየጮኸ የጎደለው ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ሒሳቡን ብቻ አደነቅሁ።

«ታዲያ ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ትወጣ ነበር?» አሉኝ የጉራቹን ኮርቻ እየፈቱ። «የመጽሐፍ ሰው ፈረስ ላይ ምን እንደሚመስል ሳላይ መሞት አልፈለግሁም።»

ወደ ድሮኑ እንመለስ። ምስሉ ግሩም ሆኖ ወጣ። ከሰማይ ሲታይ ማዕዘኑ የተስተካከለ ታላቅ አራት ማዕዘን፤ ከፊተኛው ረድፍ እኩሌታ ላይ ግን፣ እንደ ወለቀ የፊት ጥርስ፣ አንድ ባዶ ቦታ አለ። ክቡር እንግዳው በድንኳኑ ውስጥ በሰፊው ስክሪን ሲመለከቱ ጣታቸውን ባዶው ላይ አድርገው ይህ ለማን የተተወ ነው ብለው ጠየቁ። ይበልጣል በሒሳብ ደከም ያለ፣ በንግግር ግን አንደኛ እንደነበረ ነግሬአችኋለሁ። ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ «ዘንድሮ በመካከላችን ለሌሉት ፈረሰኞች ነው» አለ። እንግዳው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ድንኳኑ በሙሉ ቆመ። ባለፈው ክረምት ባላቸውን የቀበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔ በዚያች ሰዓት ከድንኳኑ ጀርባ ሱሪዬን እያራገፍሁ በሸራው ክፍተት አይ ነበር፤ እንባቸውን ካየሁ በኋላ እውነቱን ለመናገር የሚበቃ ድፍረት አላገኘሁም። ዛሬም የምነግራችሁ ለእናንተ ብቻ ነው። ፈረሰኛው ሁሉ አለቃው የጠሩኝ መስሎታል፤ እውነቱን የምናውቀው እኔ፣ አያ ሽባባውና ጉራቹ ነን፤ ጉራቹ ደግሞ እንደነገርኋችሁ አማርኛ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። ኮሚቴው ያ ባዶ ቦታ ከእንግዲህ በየዓመቱ በክብር እንዲተው ወስኗል። ከዳንግላ የመጡ ሽማግሌዎች ይህ ልማድ ከጥንት የነበረ እንደሆነ፣ እነሱም ከአባቶቻቸው እንደሰሙት መመስከር ጀምረዋል። ስለ ባለመደገፊያው ወንበር ያነሣ የለም፤ ባዶ ቦታ ካለ ከፊቱ ቆሞ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋልና አያ ሽባባው ከፈረሳቸው ጋር እስከ ፈቀዱት ጊዜ ድረስ ይዘልቃሉ። ለእኔም ላደረግሁት አስተዋጽኦ ቋሚ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። በየጥሩ፣ ከፊተኛው ረድፍ መካከል፣ አልገኝም።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድም ስሕተት የማይገኝበት ሥራ ይዤ አላውቅም።